ከአገዳ የሠራናት እናት

ባለፈው ጥቅምት፣ ጎብዬ ውስጥ በማስተምርበት ክፍል ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ስጽፍ ከኋላዬ ከርሸም ከርሸም የሚል ድምፅ ሰማሁና ዞር ስል፣ አንዲት ተማሪዬ ከዴስኳ ሥር ጥንቅሽ ልጣ እየመጠጠች እጅ ከፍንጅ ያዝኳት። ልቆጣት አፌን ስከፍት ግን የተላጠው እሸት አገዳ ሽታ፣ ያ እርጥብና ጣፋጭ፣ ትንሽም ሣር ሣር የሚለው ሽታ ቀድሞ አፍንጫዬ ገባ። ልጅቷ «ሁለተኛ አይለምደኝም ቲቸር» እያለች ስትለማመጠኝ፣ እኔ ቆቦ ገበያ ዳር፣ አባቴ በረንዳ ላይ፣ በጨርቅ ቁርጥራጭና በአገዳ ልጣጭ መካከል ቁጭ ብዬ ነበር። ጥንቅሹን ቀማኋትና በእረፍት ሰዓት መለስኩላት፤ ጫፉን ቀምሼው እንደነበር ግን አልነገርኳትም።

አባቴ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ነው። ያኔ በቆርቆሮ የተከደነች ጠባብ ቤት ተከራይቶ፣ በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪናውን ተክሎ ቀኑን ሙሉ ፔዳሉን ሲረግጥ ይውል ነበር፤ እኛ ደግሞ ከመኪናው ኋላ ባለችው አንዲት ክፍል እንኖር ነበር። አባዬ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ደንበኛ ወሬ ሲያበዛበት ሁለት ስፒል በከንፈሩ ይይዝና በዓይኑ ብቻ ይመልስ ነበር። የቤቱን ጨዋታ፣ የቤቱን ሳቅና ጭቅጭቅ ሁሉ ብቻዋን የያዘችው እናቴ ዘይነባ ነበረች፤ ስለዚህ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ታናሽ እህቴ ሐያት ገና ጡት ሳትጥል፣ እማዬ እንደ ብዙ የሰፈራችን ሴቶች አረብ አገር ለሥራ ስትሄድ ቤቱ ጭር ከማለትም አልፎ የሌላ ሰው ቤት መሰለኝ። የሄደች ለታ ሐያት ጀርባዬ ላይ ተኝታ ነበር። እማዬ ልትስማት ጎንበስ ካለች በኋላ «ከነቃችብኝ እግሬ አይነሣልኝም» አለችና ሳትስማት ሚኒባስ ላይ ወጣች።

በሁለተኛው ዓመት በጋ ላይ እማዬ ወደ አገር በምትመለስ ሴት እጅ ካሜራ ያለው ስልክ ላከችልን። ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ማዳሟ ጥቂት ፋታ ስለምትሰጣት ትደውል ነበር፤ ምስል የሚያሳየው ጥሪ ግን በዚያ ጊዜ ኔትወርክ የማይታሰብ ስለነበር የምንሰማው ድምፅዋን ብቻ ነበር። ሐያት ታዲያ ነገሩን በራሷ መንገድ ደምድማው ነበር፦ «እማ» ማለት ስልኩ ነው። ስልኩ ሲጠራ «እማ አለቀሰች!» ብላ እየሮጠች ታመጣልን፣ ባትሪው ሲያልቅ «እማ ተኛች» ትለን፣ ገበያ ውስጥ ስልክ የያዘ ነጋዴ ስታይ ደግሞ «ያ ሰውዬም እማ አለው» ትል ነበር። ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። መጀመሪያ እኔም ከሰው ጋር ስቄአለሁ።

ሳቄ የቆመው ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ፣ ዋጃ ያለች እህቷ ላይ የደረሰውን ስታወራ ነው። «አያ እንድሪስ፣ አራት ዓመት አረብ አገር ለፍታ መጣች እኮ! ልጇ ግን ይቺ ሴትዮ ትሂድልኝ ብላ ጎረቤት ገብታ አደረች። ወላሂ፣ ዓመት ሙሉ ሴትዮዋ እያለች ነው የጠራቻት። እናትየው በቁሟ አለቀች።» አባዬ ወሬዋ ሳያልቅ ሁለት ስፒል አንሥቶ በከንፈሩ ያዘ። በዚያው ሳምንት ዓርብ እማዬ ደውላ ውሏ በጥር እንደሚያልቅ ነገረችንና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሙናዬ፣ ሐያት ታውቀኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንዴታ! ሁልጊዜ ስላንቺ ነው የምታወራው» አልኳት። የምታወራው ግን ስለ ስልኩ ነበር። ስልኩ እንደተዘጋ በመጀመሪያው ዓመት የላከችልንን አንዲት ፎቶ አውጥቼ፣ «እማ ማለት ይቺ ናት» ብዬ ሐያትን ባሳያት፣ ፎቶውን ገልብጣ ጀርባውን አየችና «ይቺማ አትሄድም፣ አታወራም» ብላ ጣለችው። እስከ ጥር ስድስት ወር ያህል ቀርቶን ነበር። የዋጃዋ ልጅ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ።

ክረምት ገብቶ፣ ደመናው በዞብል ተራራ በኩል እየተከመረ፣ ትምህርት ቤትም ተዘግቶ ሐያትና እኔ ከበረንዳው ሳንወርድ እንውል ነበር። ሐያት አሻንጉሊቷን ፎቶ አንሺልኝ እያለች ታደክመኝ ነበር፤ ባነሣሁላት ቁጥር ደግሞ አልረካ ብላ አሻንጉሊቷን ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ ትገፋት ነበር። አንድ ቀን ያነሣኋቸውን ፎቶዎች በጣቴ እየገፋሁ በፍጥነት ሳሳልፍ አሻንጉሊቷ ጠረጴዛው ላይ ስትራመድ አየናት። ሐያት ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ፣ አባዬ እንኳ ከስፌቱ ቀና ብሎ «ምንድነው እሱ?» አለ፤ ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ከጎናችን ባለው በረንዳ ስልክ የሚጠግነው አያ ጀማል ጩኸቱን ሰምቶ መጣና «ይሄማ አኒሜሽን ነው» ብሎ፣ ፎቶዎችን አገጣጥሞ ቪዲዮ የሚያደርግ ፕሮግራም ስልኩ ላይ ጫነልኝ። «አሥር ፎቶ ብታነሺ አንድ ሰከንድ ቢወጣልሽ ነው፤ ትችይዋለሽ?» ሲለኝ እያሾፈብኝ መሰለኝ። ሐያት ግን «ሄደች! ሄደች!» እያለች ስልኩን አልለቅም ብላ ነበርና፣ የማትሄደውን ፎቶ የጣለች ልጅ የምትሄድ እናት ከተሠራላት ሳታውቃት አትቀርም ብዬ አሰብኩ።

መስከረም ሲጠባ የቆቦ ሜዳ ማሽላ ሰው ውጦ የሚያስቀር ነበር። አንድ ዕቅፍ እሸት አገዳ ከአጎቴ ማሳ አምጥቼ፣ ልጣጩን በስንጥር በስንጥር ሰነጣጥቄ፣ ለስላሳውን ውስጡን ገላ አደረግሁትና ክንድና እግሯን በስንጥሩ ሰካሁላት። ከጨርቅ ያልሠራኋት ጨርቅ ቀጥ ብሎ ስለማይቆም ነው፤ አገዳ ግን ክንዱን ሲያጥፉት እዚያው ይቆያል። ፊቷን ከፎቶው እያየሁ በእስክሪብቶ ሣልኩ፤ ሙሉ ጉንጭ፣ ረጅም አንገት፣ የሚስቅ ዓይን። ሐያትንም ከአገዳ ሠርቻት ነበር፤ ለካ ሳላውቅ የመረጥኩት አገዳ ጥንቅሽ ኖሮ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሐያት ራሷን በልታ ጨርሳ፣ አገጯ ላይ ያኘከችው ተለጥፎ አገኘኋት። ስለዚህ ሐያትን አባዬ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሰፍቶ፣ ሆዷን በጥጥ ሞልቶ ሠራልን።

ለእማዬ አሻንጉሊት የሚሆን ልብስ ስጠይቀው ፔዳሉን መርገጥ ስለቀጠለ የተቆጣ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ሣጥኑን ከፍቶ፣ ከታች፣ ከሁሉም ጨርቅ ሥር፣ እማዬ ስትሄድ ከለበሰችው አረንጓዴ ቀሚስ የተረፈውን ጨርቅ አወጣ። እኔ ጠቅልለን በክር የምናስረው መስሎኝ ነበር። አባዬ ግን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ አሻንጉሊቷን ለካት፤ ደረቷን፣ ወገቧን፣ ቁመቷን ለካና በጣት የምታህለውን ቀሚስ እጅጌ፣ ዘምዘማና የቁልፍ ቀዳዳ ሳያስቀር ሰፋት። «ማን ያየዋል አባዬ?» ብለው «ልብስ ልብስ ነው» አለኝ። እሱ እማዬን እንዲህ እንደሚናፍቃት እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር፤ አንጀቴን በላኝ።

የፊልሙ ታሪክ አጭር ነበር። እማዬ አስፋልቱ ላይ ከሚኒባስ ትወርዳለች፣ የአፋር ግመሎች በቆሙበት ገበያ መካከል ታልፋለች፣ በማሽላው ማሳ ዳር ትሄዳለች፣ በመጨረሻ ቤታችን በር ላይ ትደርሳለች፣ ሐያትም ሮጣ ታቅፋታለች። ሚኒባሱን ከካርቶን፣ ግመሎቹን ከጭቃ፣ የማሽላውን ማሳ ከሣር ሠራን። ጥቅምትን በሙሉ፣ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ፣ ስልኩን የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ በላስቲክ አስሬ አሻንጉሊቷን በፀጉር ልክ እያንቀሳቀስኩ አነሣ ነበር። መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ብናነሣ ጥላዋ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዙሪያዋን ዞረ፤ ወደ በረንዳው ጥላ ገባን። አባዬ ፔዳሉን ሲረግጥ ደግሞ ስልኩ ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ ፎቶ ባነሣሁ ቁጥር «አባዬ፣ አቁም!» እላለሁ፣ እሱም እግሩን አንሥቶ ይጠብቀኝ ነበር። ሱሪ ሊያሰፉ የመጡ ገበሬዎች «አያ እንድሪስ፣ አለቃ አገኘህ!» እያሉ ሲስቁበት፣ እሱ ስፒሉን እንደያዘ በዓይኑ ይስቅ ነበር። የእትዬ ፋጡማ ፍየል አንድ ከሰዓት የማሽላውን ማሳ በሙሉ በልታብን ሌላ ተከልን።

ትልቁ ችግር ሐያት ነበረች። አጠገቤ ተንበርክካ፣ እማዬን ለመያዝ እጇን እየዘረጋች ትረብሸን ስለነበር፣ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ፣ «አትንኪያት፣ ትሰበራለች!» ስላት እውል ነበር። ሁለት ጊዜ ነክታት ሁለት ጊዜ ክንዷ ወልቋል፤ ያን ጊዜ እኔ ጮኼባት፣ እሷም አልቅሳ፣ አባዬ መካከላችን ገብቶ ክንዱን በስንጥር መልሶ ሰክቷል። ከዚያ በኋላ ሐያት ሁለት እጇን ከኋላዋ አጣምራ መቀመጥ ለመደች፤ መንካት ስትፈልግ ወደ እኔ ዞር ብላ «ልንካት?» ትል ነበር፣ እኔም ሁልጊዜ «አይሆንም» እል ነበር።

ኅዳር ላይ፣ የማሽላው ዘለላ ቀልቶ አጨዳ ሲጀመር፣ የእማዬ ቀሚስ ትከሻዋ ላይ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። አባዬ ቀሚሱን አገላብጦ አየና «ሰፍቶባታል፤ ልኩን ሳልስት አልቀርም» ብሎ ተናደደ፤ በሕይወቱ ልክ ስቶ የማያውቅ ሰው ነውና ነገሩ ከንክኖት ጎኑን ጠበብ አደረገው። ከአሥር ቀን በኋላ እንደገና ሰፋባት፤ እንደገናም አጠበበው። ቀሚሱ ልኳ ሆኖ ስለዋለ ነገሩ የገላዋ እንጂ የቀሚሱ አለመሆኑን አንዳችንም አልጠረጠርንም። እኔ የየቀኑን ሃያ ሠላሳ ፎቶ ብቻ እያየሁ፣ ለየብቻቸው ደህና ናቸው እያልኩ፣ እስከ በሩ ድረስ አደረስኳት።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ አያ ጀማል ፎቶዎቹን ሁሉ አገጣጥሞ አምጥቶልን፣ አራታችን ስልኩ ላይ ተደፍተን አየን። እማዬ ከሚኒባሱ ስትወርድ ጉንጯ ሙሉ፣ አንገቷ ረጅም ነበር። ገበያው ውስጥ ግን ትከሻዋ ወረደ። በግመሎቹ አጠገብ ስታልፍ ጉንጯ ገባ፣ ማሳው ዳር ስትደርስ ክንዷ እንደ ክር ቀጠነ፣ በሩ ላይ ስትቆም ግንባሯ ተጨማድዶ፣ አንገቷ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ቁመቷ ከጨርቋ ሐያት እምብዛም የማይበልጥ ደቃቃ አሮጊት ሆና ነበር። እሸቱ አገዳ በሁለት ወር ደርቆ ኮማትሯል። እናቴ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ዓይኔ እያየ ከሳችና አረጀች። ስልኩን ጥዬ ማልቀስ ጀመርኩ። እንደገና ልሥራው ብል የሜዳው አገዳ ሁሉ ታጭዶ ደርቋል፤ ጥር ደግሞ ደርሷል። ሐያት ብቻ «ድገሙልኝ» እያለች ነበር።

አባዬ «ላኪላት» አለኝ። «እናቴን አሮጊት አድርጌ? አልልክም!» ብዬ ቤት ገባሁ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከአያ ጀማል ጋር ሆኖ ራሱ ላከላት። ይህን ያወቅሁት ዓርብ ስልኩ ሲጠራ ነው። እማዬ ስትስቅ ነበር፤ በግመሎቹ፣ በካርቶኑ ሚኒባስ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቅ ባለው የሐያት አውራ ጣት ሳቀች፤ ሳቋ ግን እየሄደ እየሄደ ሌላ ነገር ሆነ።

«ማን ነገራችሁ?» አለች በመጨረሻ። «ለአላህ ብላችሁ፣ መክሳቴን ማን ነገራችሁ?»

ማንም አልነገረንም ነበር። ያቺ ሙሉ ጉንጭ ፎቶ የመጀመሪያው ዓመት ፎቶ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ያልላከችው እንዳናያት ብላ ነበር። ያንን አረንጓዴ ቀሚስ እዚያው በእጅ መርፌ ሁለት ጊዜ እንዳጠበበችው ነገረችን። አባዬ ፔዳሉ ላይ የነበረውን እግሩን አንሥቶ፣ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ወደ አፉ አስጠጋው። ከዚያ «ነይ ብቻ» አላት፣ «ልክሽን እዚህ እወስደዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ፊልሙን መጥላቴን ተውኩ። ሐያትማ ከመጀመሪያውም አልጠላችውም፤ በቀን አሥር ጊዜ እያስከፈተች፣ ከሚኒባስ የምትወርደዋን ሴት ብዙም ሳታያት፣ በሩ ላይ የምትደርሰውን ቀጭኗን እየጠበቀች፣ ስትመጣ በጣቷ እየነካች «እማ» ትል ነበር። ስልኩን በዚያ ስም መጥራቷን መቼ እንዳቆመች ልብ አላልኩም። አንድ ቀን ግን ስልኩ ሲጠራ «ስልክ!» ብላ ስትጮህ ሰማኋትና ወደ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ዘለልኩ።

በጥር አጋማሽ፣ ነፋሱ የተቆረጠውን ማሳ አቧራ በሚያነሣበት ሰሞን፣ እማዬ መጣች። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነበር። ሚኒባሱ ቆሞ ሰው መውረድ ሲጀምር አክስቴ እልል ብላ አንዲት ወፍራም ሴት ላይ ተጠመጠመችና ሴትየዋ የዓላማጣ መንገደኛ ሆና ተገኘች። አባዬ ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዞረ፣ በመጨረሻ ሻንጣዋን ይዛ የወረደችውን ጥቁር የለበሰች ቀጭን ሴት አልፎ ወደ ሚኒባሱ በር ያይ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አልፌ አይቻለሁ። ትከሻዋ የወረደ፣ ጉንጯ የገባ፣ ከማስታውሳት እናቴ በግማሽ ያነሰች ሴት ነበረች።

ሐያት እጇን ከእጄ መንጭቃ «እማ!» አለች። አልጠየቀችም፤ የምታውቀውን ሰው እንደሚጠራ ሰው ነበር የጠራቻት። ሮጣ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ግን ቀጥ ብላ ቆመች። እማዬ አቧራው ላይ ተንበርክካ ክንዷን ዘርግታ ስትጠብቅ፣ ሰው ሁሉ ሲያይ፣ እኔም የዋጃዋ ልጅ ትዝ ስትለኝ፣ ሐያት ሁለት እጇን ከኋላዋ አጣመረችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሙና፣ ልንካት?»

«ንኪያት» አልኳት። ደግሜም ጮህኩ፤ «ንኪያት፣ አትሰበርም!»

ይህ ሁሉ ከሆነ አሥር ዓመት አለፈው። በጦርነቱ ጊዜ ወደ ደሴ ስንሸሽ ስልኩ መንገድ ላይ ጠፋ፤ ፊልሙም አብሮት ሄደ። ተማሪዎቼ ዛሬ እኔ ሁለት ወር የፈጀብኝን በአንድ ቅዳሜ ይሠሩታል፤ አሻንጉሊቱ ሲንቀሳቀስ ግን እኛ በዚያ በረንዳ ላይ እንደጮህነው ነው የሚጮሁት፤ ያ አልተለወጠም። እማዬ ወፍራለች፤ አባዬ ቀሚሶቿን ስንቴ እንደተረተራቸው እሱ ያውቃል። ሐያት አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ እናቷን አልፎ፣ በሆነ ባልሆነው ከእናቷ ጋር እየተጨቃጨቀች፣ ወዲያው ደግሞ ጭኗ ላይ ራሷን ጥላ ትተኛለች። ባለፈው ዒድ ቤት ሄጄ የፊልሙን ነገር ሳነሣባት ሳቀችና «ሰው ሲያወራ እሰማለሁ እንጂ እኔ እማዬ ያልነበረችበት ቀን ትዝ አይለኝም» አለች። እማዬ የሐያትን ፀጉር መሥራቷን ቀጠለች። ያኔ ሐያት እናቷን ሳታውቃት ትቀራለች ብዬ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ዛሬ ሐያት የማታውቀው እናቷ ያልነበረችበትን ጊዜ ነው።